ሁለት ሌሊት በድንኳን

«ቤት ጠፋ እንዴ?» አለችኝ እማዬ ከጎንደር በስልክ። «ሁለት መኝታ ቤት ይዘሽ ልጆቹን ሜዳ ላይ የምታሳድሪው ምን ሆነሽ ነው?»

«እኛስ ለጥምቀት ፋሲል መዋኛው ጋ እናድር አልነበር?» አልኳት።

«እሱማ ከታቦቱ ጋር ነው» አለች።

እውነቷን ነው። እኔ የምሄድበት ቦታ ታቦት የለም። ቡድሃፊልድ የሚባል ፌስቲቫል ነው። የቡድሃ እምነት ተከታዮች በየሰመሩ፣ ጁላይ ላይ፣ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ያዘጋጁታል። ከረቡዕ እስከ እሑድ ሰዉ ሁሉ ሜዳ ላይ ድንኳን ተክሎ ይሰነብታል። ሙዚቃ አለ። ወርክሾፕ አለ። ሜዲቴሽን አለ። ሥጋ የለም፣ መጠጥም የለም። ልጅ ይዞ የሚመጣው ሰው ብዙ ነው።

የጋበዘችኝ ብሪስቶል ውስጥ አብራኝ ሌሊት የምትሠራ ነርስ ናት። እሷ ቡድሂስት ናት፣ እኔ ተዋሕዶ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሕመምተኛው ሁሉ ሲተኛ፣ ሻይ ይዘን ስለ እምነት እናወራለን። አንዳችን ሌላችንን ለመለወጥ ሞክረን አናውቅም። ሦስት ዓመት ሙሉ «ልጆቹን ይዘሽ ነይ» ስትለኝ «እሺ፣ አያለሁ» እያልኩ አልፌያታለሁ።

ዘንድሮ የሄድኩት ስለደከመኝ ነው። ሌሊት እሠራለሁ። ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሼ እተኛለሁ። ከሰዓት እነሱን ለማምጣት እነሳለሁ። ልጆቼ የሚያዩኝ ወይ ስተኛ ወይ ስሮጥ ነው። ትንሿ ሰባት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት «ቤተሰባችሁን ሳሉ» ተብለው እኔን አልጋ ላይ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ሳለችኝ። ወንድሟ ከጎኔ ቆሟል፣ ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ «እሽሽ» እያለ። አስተማሪዋ ወድዳው ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች። እኔ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። በማግስቱ ለጓደኛዬ «ዘንድሮ እመጣለሁ» አልኳት።

ከመሄዴ በፊት ለንስሐ አባቴ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«መስገድ አለ?» አሉኝ።

«የሚሰግድ ይሰግዳል፣ ግዴታ ግን አይደለም ብላኛለች።»

ትንሽ ዝም አሉ። «እንግዲያው ድንኳን ተክሎ ማደር ምን ኃጢአት አለው? ለልጆቹ ግን አስቀድመሽ ንገሪያቸው። አንቺ ካልነገርሻቸው ሌላ ሰው ይነግራቸዋል።»

ልጆቼን የትም ከመውሰዴ በፊት ደግሞ አነባለሁ። አዘጋጆቹ ትሪራትና የሚባል የቡድሂስቶች ማኅበር አካል ናቸው። «ሦስቱ ዕንቁዎች» ማለት ነው፤ ቡድሃ፣ ዳርማ የሚሉት ትምህርቱ፣ ሳንጋ የሚሉት ማኅበሩ። ማኅበሩን በ1967 እ.ኤ.አ. የመሠረተው ሳንጋራክሺታ የተባለ እንግሊዛዊ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወታደር ሆኖ ወደ ህንድ ሄደ። እዚያው መነኮሰ። ሃያ ዓመት ያህልም ኖረ። ይኸው ሰው ከተከታዮቹ ጋር በነበረው የግብረ ሥጋ ግንኙነት ብዙ ወቀሳ ደርሶበታል። በ2016 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ፣ ከመሞቱ ሁለት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ ለጎዳቸው ሰዎች በጽሑፍ ይቅርታ ጠይቋል። ይህን ሳነብ ቲኬቱን ልመልስ ነበር። ለጓደኛዬ ፊት ለፊት አነሳሁባት። አልሸሸችም። «እኔም ሳነበው አሞኛል» አለችኝ። የምታውቀውን ሁሉ ነገረችኝ፤ የማያስመሰግነውንም ጭምር። የሄድኩት እሷን አምኜ ነው። ልጆቼም ሁለቱንም ቀን ከእኔ ወይም ከእሷ ዓይን አልራቁም።

ትምህርት ስላልተዘጋ ረቡዕና ሐሙስ አመለጡን። ዓርብ ትምህርት ቤት በር ላይ ጠብቄ ሁለቱንም መኪና ውስጥ አስገባኋቸው። መንገዱ ኤም ፋይቭ በሚባለው አውራ ጎዳና አንድ ሰዓት ያህል ነው። ቶንተን የምትባለውን ከተማ አልፈን ብላክዳውን የሚሏቸው ኮረብቶች ሲታዩ፣ አናታቸው ላይ ረጅም ሐውልት አየን። የዌሊንግተን ሐውልት ነው፣ 53 ሜትር። ትልቁ ልጄ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ወዲያው «ከአክሱም ይበልጣል?» አለኝ። ቆሞ ካለው ከኢዛና ሐውልት ከእጥፍ በላይ ይረዝማል። «ግን የእኛ አንድ ወጥ ድንጋይ ነው» አልኩት። «ይሄ በድንጋይ ላይ ድንጋይ ተደርቦ የተሠራ ነው።» ከዓይኑ እስኪጠፋ ድረስ ዞሮ ሲያየው ነበር።

መኪና ውስጥ ነው የነገርኳቸው። «የምንሄደው የሌላ እምነት ሰዎች ጋ ነው። ምስል ታያላችሁ፣ ሲሰግዱ ታያላችሁ። እኛ አንሰግድም። አንስቅምም።» ትንሿ «ለምን እንስቃለን?» አለች። ትክክል ናት።

ስንደርስ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ድንኳኑን ከጎረቤት ነው የተዋስኩት። ካስማ የሚለውን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ከኢሳይያስ ሲነበብ እሰማዋለሁ። በእጄ ይዤ መሬት ውስጥ መትቼው ግን አላውቅም ነበር። ቀጥ አድርጌ መታኋቸው። ነፋሱ ሲመጣ አንዱ ተነቀለ፣ ቀጥሎ ሌላው። አጠገባችን የሰፈረ አንድ አባት ልጁን አዝሎ መጣ። አውታሩ ከሚስብበት በተቃራኒ አናቱን ዘንበል አድርጌ እንድመታ አሳየኝ። አንዱን እሱ መታ፣ የቀሩትን እኔ። ከዚያ ልጁን እንዳዘለ ሄደ።

እራት የምስር ወጥ መሰለኝ፤ የህንድ ቅመም ያለበት፣ ከሩዝ ጋር። ዓርብ ነው። የሐዋርያት ጾም ከተፈታ ገና ቀናት ነው፣ ሆዴ ከጾም ምግብ አልተላቀቀም። ለአሳላፊው «ቅቤ አለበት?» አልኩት። «ቪጋን ነው» አለኝ። በቃ። እንግሊዝ አገር አሥራ ሁለት ዓመት ስኖር፣ ዓርብ ቀን ሰው መካከል ቁጭ ብዬ ለምን ወተት እንደማልጠጣ ሳላስረዳ የበላሁት ያን ቀን ነው። ከወጡ ሁለት ጊዜ ጨመርኩ።

ሌሊቱን ዘነበ። ጎንደር ቆርቆሮ ላይ ሲዘንብ እንቅልፍ ይወስደኛል። ድንኳን ላይ ሲዘንብ ግን ሌላ ነው፤ ዝናቡ ጆሮ ሥር ነው። በአንድ በኩል ማፍሰስ ጀመረ። ልጆቹን ወደ መሀል ሳብኳቸው፣ ስሊፒንግ ባጋቸው ላይ እማዬ የላከችልኝን ጋቢ ደረብኩላቸው። ትንሿ በጨለማ «እማ፣ ዛሬ ሥራ የለሽም አይደል?» አለችኝ። «የለኝም» አልኳት። «ነገስ?» «ነገም።» ከዚያ ተኛች።

ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ወጣ። ቁርስ ይዤ የመጣሁት በሶ ነው። ገብሱ የደባርቅ ነው፣ እማዬ እዚያ ካሉ ዘመዶቻችን ታመጣለች፣ ቆልታ አስፈጭታ ትልካለች። ለመንገድ ከበሶ የሚሻል ምግብ እስካሁን አላየሁም። እሳት አይፈልግ፣ ፍሪጅ አይፈልግ። ድንኳኑ በር ላይ ቁጭ ብዬ በማርና በውኃ እየጨበጥኩ ለልጆቹ ስሰጥ፣ አንዲት ሽበታም ሴትዮ ቆመው እጄን ያያሉ። እናቴን የሚያክሉ ናቸው።

«ይቅርታ፣ ጻምፓ ነው?» አሉኝ።

«በሶ ነው» አልኳቸው።

አንዱን ጭብጦ ሰጠኋቸው። ቀመሱት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። በወጣትነታቸው ኔፓል ውስጥ ከቲቤት ስደተኞች ጋር ብዙ ጊዜ ኖረዋል። ቲቤቶች ገብስ ቆልተው ይፈጫሉ። ዱቄቱን ቅቤ ባለበት ሻይ በእጃቸው ጨብጠው ይበላሉ። ጻምፓ ይሉታል። «እጅሽን ሳይ ነው ያወቅኩት» አሉኝ። ተቀምጠው አወሩኝ። እዚያም አገሩ ከፍታ ነው፣ ብርድ ነው፣ ከገብስ በቀር ብዙ አይበቅልም። እረኛው በከረጢት ይዞት ይሄዳል፣ መነኩሴውም እንዲሁ። እኔ ደግሞ የስሜንን ደጋ ነገርኳቸው፣ ገዳም የሚሄዱትን በሶ የያዙ ምዕመናን ነገርኳቸው። ስለ ቡድሃ አንድም ቃል አላወራንም። ግማሹን በሶ በከረጢት አድርጌ ሰጠኋቸው። ልጄ «ማሚ፣ ለእኛ ይበቃል?» አለኝ በአማርኛ ቀስ ብሎ። ይበቃል።

ቀኑን ሙሉ ልጆቹ ሲሮጡ ዋሉ። የልጆች ቦታ ለብቻው አለ። ከእንጨት ማንኪያ መቅረጽ ተማሩ፤ ትልቁ አውራ ጣቱን ትንሽ ቆረጠው፣ ማንኪያውን ግን ጨረሰው። መጸዳጃው ውኃ የለውም፣ ተጠቅመህ ሲያበቃ ሰጋቱራ ትበትንበታለህ። ትንሿ ይህን በጣም ወደደችው። ወላጆች ሆይ፣ ቦት ጫማ ያዙ። ሌላው ሁሉ ይቀራል፣ ቦት አይቀርም።

ከሰዓት ልጆቹን ለጓደኛዬ ትቼ ወደ አንድ ትልቅ ድንኳን ገባሁ። ፊት ለፊት የቡድሃ ምስል አለ፣ አበባና ሻማ ከቦታል። የሚገቡት እጃቸውን አጋጥመው ጎንበስ ይላሉ። እኔ ከኋላ፣ መውጫው አጠገብ፣ ትራስ ይዤ ተቀመጥኩ። ማንም ምንም አላለኝም።

የምትመራው ሴት «ሜታ» የሚባለውን ነው ያስተማረችን። ፓሊ ከሚባለው ጥንታዊ ቋንቋቸው የመጣ ቃል ነው። ለሰው ከልብ መልካም መመኘት ማለት ነው። አምስት ደረጃ አለው። ደወል ትመታለች፣ ዝም ትላላችሁ፣ ትመኛላችሁ። መጀመሪያ ለራስ። እዚህ ላይ ተቸገርኩ። በጸሎቴ ራሴን የማነሳው ይቅርታ ለመጠየቅ ብቻ ነው። ሁለተኛው ለወዳጅ ነው፤ ጓደኛዬን አሰብኩ። ሦስተኛው ወዳጅም ጠላትም ላልሆነ ሰው። ሊነጋ ሲል ኮሪደራችንን የሚያጸዳው ሰውዬ መጣልኝ። በየቀኑ ሰላም እንባባላለን። ስሙን አላውቅም። አፈርኩ።

አራተኛው ለተቀያየማችሁት ሰው ነው አለች።

እህቴ መጣች። ባሕር ዳር ነው የምትኖረው። አባታችን ካረፈ በኋላ በቤቱ ጉዳይ ተጣላን። አራት ዓመት ሊሞላን ነው፣ አንነጋገርም። እማዬ በመሀል እየተንገላታች ነው፤ ለሁለታችንም ተራ በተራ ትደውላለች። እኔ የእህቴን ስም ስሰማ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ ያ የመጨረሻ ስልክ ነው፣ ጩኸቷና የእኔ ጩኸት። ያን ቀን ግን ሌላ ነገር መጣ። የጥምቀት ሌሊት ነው። እኔ ስምንት ዓመቴ፣ እሷ አሥራ አራት። ፋሲል መዋኛው ጋ ከዛፎቹ ሥር ተኝተናል። ብርዱ አጥንት ይገባል። እሷ የራሷን ጋቢ አውልቃ በእኔ ላይ ደረበች። እኔ ተኛሁ። ስነቃ ጎህ ቀዷል፣ ካህናቱ ይቀድሳሉ፣ እሷ በነጠላ ተጠቅልላ ተቀምጣለች። ከንፈሯ ጥቁር ሰማያዊ ሆኗል። ለእማዬም አልነገረቻትም።

ይህን ረስቼው ነበር። እንዴት ይረሳል?

በቅዳሴ ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ»፣ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ፣ ሲል አጠገቤ ወዳለችው ሴት ዞር ብዬ እጅ እነሳለሁ። በየእሑዱ። ቀላል ነው፣ አጠገቤ ያለችው ሴት ቤት አልወሰደችብኝም። እዚያ ድንኳን ውስጥ፣ ከሌላ እምነት ሰዎች መካከል ተቀምጬ፣ የዲያቆኑ ትእዛዝ ለማን እንደነበረ ታወቀኝ። አምስተኛውን ደረጃ አልሰማሁትም። ለፍጥረት ሁሉ መመኘት ነው ብላኛለች ጓደኛዬ በኋላ። እኔ አራተኛው ላይ ቀርቼ ነበር።

ማታ ሙዚቃ ነበር። ይህን እንድታውቁልኝ የምፈልገው እንደ እኔ ዓርብና ቅዳሜ ሌሊት ሆስፒታል የምትሠሩ ናችሁ። በእነዚያ ሌሊቶች ወደ ዋርዳችን የሚመጣውን አውቃለሁ። ሰክሮ ወድቆ ጭንቅላቱ የተፈነከተ፣ ተደባድቦ ጥርሱ የወለቀ፣ እኛን የሚሳደብ። ልጆቼ በዚህ አገር አዋቂ ሰው ሲደሰት የሚያዩት ብርጭቆ ይዞ ነው። እዚህ ቅዳሜ ማታ ነው፣ ከበሮ አለ፣ ክራር የሚመስል ነገር አለ፣ ቫዮሊን አለ፣ ብዙ ሕዝብ ጭቃ ላይ በባዶ እግሩ ይጨፍራል፣ የሰከረ የለም። የሚያሰክር ነገር አለመውሰድ ከአምስቱ መሠረታዊ ትእዛዞቻቸው አንዱ ነው። ለበዓሉ ደግሞ ሁሉም እንዲጠብቀው ያደርጋሉ፣ ቡድሂስት ሆነም አልሆነም። አባቶች ልጆቻቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ይዘላሉ። ትልቁ ልጄ ለረጅም ጊዜ ቆሞ አየ። ከዚያ ጫማውን አውልቆ ገባ።

እሑድ ጠዋት ግን ከበደኝ። ቅዳሴ ቀረብኝ። በጠዋት ተነስተን ድንኳኑ ውስጥ ውዳሴ ማርያም ደገምን፣ ልጆቹ አቡነ ዘበሰማያትን አብረውኝ አሉ። ግን አልሞላልኝም። ከእንግዲህ ብመጣ ቅዳሜ ማታ እመለሳለሁ።

ሽንት ቤት ሰልፍ ላይ ቆመን ትንሿ «ኦም ማኒ ፓድሜ ሁም» እያለች ታንጎራጉራለች። ከማታው መዝሙራቸው የያዘችው ነው። ደነገጥኩ። ወንድሟ «እሱኮ የእነሱ ጸሎት ነው» አላት። እኔ አልተቆጣኋትም። «ዜማው ደስ ይላል አይደል?» አልኳት። «ግን ጸሎት ነው። ጸሎት ስትጸልዪ የምታናግሪውን ታውቂዋለሽ። እኛ የምናናግረው ሌላ ነው።» አሰበችና «እሺ፣ እነሱስ የእኛን ዜማ ያውቃሉ?» አለች።

መልሱን ከአንድ ሰዓት በኋላ ወንድሟ ሰጣት። የከበሮ ወርክሾፕ ነበር። የሚያስተምረው ሰውዬ ልጆቹን በየተራ «የምታውቁት ምት አለ?» ይላል። ልጄ ሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ ይመታል። አንዱን ትልቅ ከበሮ በገመድ አንገቱ ላይ አንጠለጠለው፣ በሁለት እጁ፣ በሁለቱም ጎን። ቀስ ብሎ ጀመረ። ያን የመዝሙራችንን ምት ሲሰማ እጄ ሳላዝዘው አጨበጨበ። ሰውዬው ሁሉንም ልጆች አስቁሞ «ከእሱ ተማሩ» አላቸው። ሃያ የሚሆኑ የእንግሊዝ ልጆች የእኛን ምት ለመያዝ ይታገላሉ። ትንሿ ልጄ መሀል ገብታ «አይ፣ እንዲህ ነው» እያለች እጃቸውን ይዛ ታርማለች።

ማታ ቤት ገባን። ድንኳኑ እርጥብ ነው፣ መታጠቢያ ቤት በር ላይ ሰቀልኩት። ሳር ሳር ይሸታል። ልጆቹ ሳይታጠቡ ተኙ፣ ተውኳቸው።

ስልኬ ላይ ያነሳሁትን ፎቶ ስመለከት አንዱ ላይ ቆምኩ። ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሁለቱ ልጆች ድንኳኑ በር ላይ በአንድ ጋቢ ተጠቅልለዋል፣ የሚታየው ፊታቸው ብቻ ነው። ለእህቴ በቴሌግራም ልልከው ከፈትኩ። ሦስት ጊዜ ጻፍኩ፣ ሦስት ጊዜ አጠፋሁ። በመጨረሻ ፎቶውን ብቻ ላክሁት፣ ያለ አንድ ቃል።

ሰኞ ምንም የለም። ማክሰኞ ሌሊት ሥራ ላይ ሆኜ፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረኝ።

«ድንኳኑ ያፈሳል እንዴ?» ይላል።

«በአንድ በኩል ብቻ» ብዬ ጻፍኩላት።